የወርቅነሽ ሁለተኛ ፊኛ

ቆቦ ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ ወርቅነሽ የምትባል ደግና ተጫዋች ሴት ነበረች። ሰውነቷ ግዙፍ ነው። ባጃጅ ነጂዎች፣ «እትዬ፣ አንቺን ከጫንኩ ሌላ ሰው የት ላስቀምጥ?» ሲሏት፣ «ጣራው ላይ!» ብላ ታስቃቸዋለች። ሌሊት ግን ሳቅ የለም። ከተጋደመች ትንፋሿ ይቆራረጣልና፣ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር የምታድር።

ኋላ አዲስ አበባ ሄደች። ሐኪሙ ሆዷን ሳይቀድ፣ ቱቦ በጉሮሮዋ አስገብቶ ጨጓራዋ ውስጥ በውሃ የሚሞላ ፊኛ አኖረላት፤ ቶሎ እንድትጠግብ ነው። እውነትም ከሳች፤ እንደ ሰው ተጋድማ መተኛት ጀመረች።

ጎረቤት ግን መክሳቷን ለጤና አልቆጠረውም። «ምነው ወርቄ፣ ምን አገኘሽ?» እያለ ቅቤ የጠገበ ገንፎ ይዞ ይመጣል። ከሁሉም የባሰችው የግድግዳ ጎረቤቷ ሸዋዬ ናት። ወርቅነሽ ደግሞ የሰው እጅ መመለስ አትችልም። ፊኛው ጊዜው ደርሶ በወጣ በዓመቱ ክብደቷ እንዳለ ተመለሰ።

ለሁለተኛ ጊዜ ስትሄድ ሐኪሙ ሁለተኛውን ፊኛ አስገባላትና፣ «ፊኛው ሆድዎን ይሞላልዎታል እንጂ ለጎረቤትዎ እንቢ አይልልዎትም። ከእንግዲህ ሌላ አላስገባም» አላት።

በተመለሰች በወሩ የማርያም ማኅበር ሸዋዬ ቤት ሆነ። ባለቤቲቱ ዶሮ ወጡን በእንጀራ ጠቅልላ ከወርቅነሽ ፊት ቆመች።

«በሞቴ ወርቄ፣ ይቺን ብቻ!»

«ጠግቤያለሁ እህቴ።»

«ምን በልተሽ? የወፍ ምሳ! እጄን ልትመልሺው ነው?»

በኛ አገር የተዘረጋ ጉርሻ መመለስ ፊት በጥፊ ከመምታት አይተናነስም። ወርቅነሽ ግን የሸዋዬን የእጅ አንጓ በቀስታ ይዛ አዞረችና ጉርሻውን ለራሷ ለሸዋዬ አጎረሰቻት።

«በኔ ሞት፣ አንቺ ጉረሺልኝ!»

የሸዋዬ ጉንጭ ተወጠረ፤ ዓይኗ ፈጠጠ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ ድገሚያት እንጂ!» አሉ አሮጊቷ እማማ ብርቱካን። ወርቅነሽ ደገመቻት። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ሳቁ ሲበርድ ወርቅነሽ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ወደሽኝ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ሸዋዬ። ግን ጉርሻሽ ሌሊት ደረቴ ላይ ይቀመጣል። ትንፋሼን ይወስደዋል» አለቻት።

ሸዋዬ እንደ ምንም ዋጠች። ወደ ጓዳ ገብታ ቀጭን አጥሚት በብርጭቆ ይዛ ተመለሰች።

«ይህንንስ?»

«ግማሹን።»

«የቀረውን ማን ይጠጣልሽ?»

«አንቺ ነሻ! ኧረ አንቺም ከስተሻል!»