አዲሱ ፕሌስቴሽን ውስጥ ሞላ የለም

"ጋሼ፣ እኔ እዚህ ውስጥ የለሁም እኮ" አለኝ ሞላ ዛሬ ከሰዓት፣ ጆይስቲኩን አስቀምጦ።

ሞላ እዚሁ ዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ተምሮ ከተመረቀ ቆየ። ሥራ ፍለጋ ባሕር ዳር በመጣ ቁጥር ጌም ቤቴ ጎራ ይላል።

ጠዋቱን ሙሉ አዲሱን ፕሌስቴሽን ስገጥም ነው ያረፈድሁት። መብራቱ ይሄዳል፣ ይመጣል። ኔትወርኩም ያው ነው። ደክሞኛል።

ምስሉ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልዩ ነው። የተጫዋቾቹ ላብ ሳይቀር ይታያል። የእኔን ላብ ያየልኝ ግን የለም።

አሮጌው ላይ የፔዳ ተማሪዎች የራሳቸው የኳስ ቡድን ነበራቸው። የሚመረቅ ሁሉ የአንዱን ተጫዋች ስም አጥፍቶ የራሱን ጽፎ ይሄዳል። ያን ቡድን ወደ አዲሱ ማዛወር አልቻልሁም።

አሮጌውን ለአንድ የፋሲሎ ሰፈር ሰው ልሸጥለት ተስማምቼ ካርቶን ውስጥ ከትቼው ነበር። ምን ላድርግ፣ አውጥቼ መልሼ ሰካሁት።

ሞላ አጥቂ ቦታ ላይ ስሙን ሲያገኘው ወንበሩን ሳብ አደረገ።

"እዚህስ እስካሁን አላሰናበቱኝም" አለ።

የፋሲሎው ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፤ አይሸጥም።

አዲስ ገዝታችሁ አሮጌውን መጣል ያቃታችሁ ካላችሁ አጫውቱኝ። እዚያ ቡድን ውስጥ ስማችሁን ትታችሁ የሄዳችሁ ደግሞ፣ የትም ብትሆኑ የማሊያ ቁጥራችሁን ጻፉልኝ። ቦታችሁን ማንም አልወሰደውም።