ያለ ስሌት ሃያ ከሃያ

የሰባተኛ ክፍል የሒሳብ መምህሩ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ሕግ ነበረው፤ ከሦስት ነጥብ ሁለቱ ለስሌቱ፣ አንዱ ለመልሱ። ተማሪዎቹ «ጠርጥር» ብለውታል። «ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» የሚለውን የሚጨምሩበት ከክፍል ሲወጣ ነው።

ዘንድሮ የቤት ሥራው በኢንተርኔት ሆነ። ድረ ገጹ ስሌት አይጠይቅም፤ መልሱ ልክ ከሆነ አረንጓዴ ምልክት ይበራል፣ አለቀ። አምና ከጭራ ሁለተኛ የነበረችው የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ ልጅ፣ በክፍልፋይ ማካፈል አራት ሳምንት በተከታታይ ሃያ ከሃያ አገኘች።

«ጋሼ፣ ለጎበዞቹ ልዩ ክፍል ስሟን አስገብቻለሁ፤ እስከ ምሳ ሰዓት ይፈርሙልኝ» አለች የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ።

«የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ እናቷ ጋ እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«ታዲያ ቁልፍ ሒሳብ ይሠራል?»

አልሳቀም። ካልፈረመ ቦታው ለሌላ ልጅ ይሰጣል። በእረፍት ሰዓት ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ወረደ። እናት ወለል ትወለውላለች፤ ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጣለች።

«ማነው የሚሠራላት?» አለ፣ ሰላምታም ሳያስቀድም።

«እኔማ መደመሩም በጣቴ ነው፣ መምህር። እሷን ይጠይቋት፤ አፍ አላት።»

ኮምፒውተሩን አስጠፋ። ጠመኔ ሰጣትና 7/9 ለ2/3 ሲካፈል አላት። እሱ ያስተማረው ሁለተኛውን ገልብጦ ማባዛት ነው። እሷ ግን 2/3ን 6/9 አደረገችና 7/6 ብላ ጻፈች።

«የታለ መገልበጡ?»

«ሁለቱም ዘጠነኛ ከሆኑ ሰባትን ለስድስት ማካፈል ብቻ ነዋ።»

«ማን አለ?»

«ኢንተርኔት ላይ በቪዲዮ የሚያስተምረው ሰውዬ።»

«ሰውየው ፈተና ላይ አብሮሽ ሊቀመጥ ነው?»

«እርስዎስ ሊቀመጡ ነው?»

«አንቺ ልጅ!» እናትየው መወልወያውን ለቀቀችው።

መምህሩ አልተቆጣም፤ ሥራ ላይ ነበር። 5/8 ለ3/4 ሰጣት። ቀጥሎ 4/7 ለ3/5፤ ይኼኛው ያሰናክላታል ብሎ። ጥግ ላይ ዞር ብሎ በራሱ መንገድ ገልብጦ አባዛ። 20/21። ሰሌዳው ላይም 20/21። እጅጌዋን ሳይቀር አየ። ጠመኔ እንጂ ሌላ አልነበረም።

ቅጹን ከኪሱ አወጣና ጉልበቱ ላይ ፈረመ። ከፊርማው ጎን «ስሌቱን በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ ጨመረበት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ መምህር» አለች እናት።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም።» ወንበር ስቦ ከልጅቷ አጠገብ ተቀመጠ። «በይ ያንን ሰውዬ ክፈቺልኝ። የሚሳሳትበት ቦታ አያጣም።»