ሁለት ልጆች የያዙት ስም

በ1998 ዓ.ም. ከመካነ ሰላም ወጣ ባለው ትምህርት ቤታችን አስረኛ ክፍልን ስንጨርስ፣ የስንብቱን መድረክ የሠራሁት እኔ ነኝ። ያኔም አናጢነት እሞካክር ነበር። ለሁላችንም የሚበቃ ወንበር ደረደርን፤ የክፍላችን ልጅ ፋና ግን አልነበረችም።

ፋና ስምንተኛን እንደጨረሰች ለቤት ሠራተኝነት ወደ ሳውዲ ስትሄድ ደላላው "የእስላም ስም ከሆነ ቶሎ ያልቃል" አላት። ፓስፖርቱን አንድ ዴስክ ላይ አብራት ትቀመጥ በነበረችው በሀዲያ ስም አወጣች።

"ውሰጂው፤ ግን ስሜን እንዳታሰድቢብኝ አንቺ!" ብላ ሀዲያ አሳቀችን።

ዓመት ሳይሞላ "ሀዲያ ሞተች፣ እዚያው ተቀበረች" የሚል መርዶ መጣ። ወላጆቿ ከገበያ ሳይመለሱ አገሩ ሀዲያ ደጅ ተሰብስቦ ሲያለቅስ፣ ራሷ ሀዲያ ደብተሯን እንደታቀፈች ከትምህርት ቤት ገባች። ስሙን ማን እንደተዋሰው የምናውቀው እኛ ነበርንና ተናገርን። ለቅሶው ወደ ፋና እናት፣ ወደ እትዬ ሸዋረግ ቤት ዞረ።

በስንብቱ ቀን መምህሩ ምስክር ወረቀት ሊሰጡ "ሀዲያ ሙሐሲን!" ብለው ጠሩ። ሀዲያ አልተነሣችም። ደግመው ጠሩ።

"አቤት!" የሚል ድምፅ ከኋላ፣ ከወላጆች መሀል ተሰማ። እትዬ ሸዋረግ ብድግ ብለው ቆመዋል።

ሀዲያ ሄዳ እጃቸውን ያዘች። "አብረን እንቀበል፣ እትዬ" አለቻቸው። አብረው ወጡ። ያጨበጨበ ሰው አልነበረም።

ሀዲያ ዛሬ መካነ ሰላም ልብስ ሰፊ ናት። ገበያ መሀል ሲጠሯት ወዲያው አትዞርም፤ ሌላ የሚመልስ እንዳለ ትንሽ ታዳምጣለች።