ዘሃራ ቡሪ ቤት የተከራየች ጊዜ

ዘሃራ ከከሚሴ ካርቱም የገባችው በሃያ ዓመቷ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቤት ተቀጥራ ሠራች፤ ማታ ማታ የምትተኛው ከማድ ቤቱ ጎን ባለችው የዕቃ ክፍል፣ በሽንኩርቱና በዱቄቱ መካከል ነበር። የቤቱን የመጨረሻ ልጅ አሚናን ከተወለደች ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ ናት።

በሚያዝያ መንግሥት ወረደ። ከተማው ጎዳና ላይ ዋለ። አሠሪዋ ማዳም ግን ፈራች፤ ረመዳን እንደገባ ቤተሰቡን ይዛ ካይሮ ሄደች። ዘሃራ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ቡሪ የሚባል ሰፈር ወረደች።

ሱዳኖች አፓርታማን «ሸጋ» ይሉታል፤ ለወሎ ልጅ ጆሮ ደስ የሚል ስም ነው። ያገኘችው አንድ መኝታ ቤት፣ ጠባብ ሳሎንና ማድ ቤት ያለው ነበር። ባለቤቲቱ ሐጃ ሉጥፊያ ከታች የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት ናት።

«ባል አለሽ?»

«የለኝም፣ ሐጃ።»

«እንግዲያ አይሆንም፣ ያ ቢቲ፣ ልጄ። ለብቻዋ ሴት አላከራይም፤ ሰፈሩ ያወራል።»

ዘሃራ ሳታስበው «እህቴ ትመጣለች» አለች። «ኒዕማ ትባላለች። ከዒድ በኋላ።»

«ጥሩ። ካልመጣች ግን ትለቂያለሽ» አለች ሉጥፊያ፣ ቁልፉን እየሰጠቻት።

ዘሃራ እህት አልነበራትም።

በማዳም ቤት «ዘሃራ! ዘሃራ!» ሲሏት ይሰለቻት ነበር። እዚህ የሚጠራት ጠፋ። በመጀመሪያው ቀን እጇ ለምዶ ለስድስት ሰው ፉል ቀቀለች፤ ሦስት ቀን በልታ የተረፈውን ደፋችው። ማፍጠሪያው ሲደርስ ወንዶቹ መንገድ ላይ ምንጣፍ ዘርግተው አላፊ አግዳሚውን ይጠራሉ። እሷ ማድ ቤት ቆማ በቴምርና በውሃ ታፈጥራለች። ሳሎኑ ውስጥ መቀመጥ የሰው ቤት የገባች ያስመስላት ነበር። የሚያጽናናት ከካይሮ የሚመጣው የአሚና ድምፅ ብቻ ነው፤ ልጅቷ በየቀኑ በስልክ እየቀዳች ትልክላታለች።

በዒድ ዋዜማ ንጋት ላይ፣ ጦሩ ሥልጣን ለሕዝብ ያስረክብ የሚሉ ሰልፈኞች ለሳምንታት ከተቀመጡበት ከጦሩ መምሪያ በኩል ተኩስ ተሰማ። ከሰዓት ኢንተርኔቱ ተቋረጠ። የሰፈሩ ወጣቶች መንገዱን በጡብና በጎማ ዘጉት።

በማግስቱ ዒድ ነበር። ዘሃራ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከሰዓት በኋላ እስከ ዐስር ሰላት ድረስ ማንም አልመጣም። ከዚያ በሩ ተንኳኳ። ሐጃ ሉጥፊያ ናት፤ የታመመ ጉልበቷን እየጎተተች የዒድ ብስኩት በሳህን ይዛ ወጥታለች። ወንበር ስለሌለ አልጋው ላይ ተቀመጠች።

«እህትሽ በዚህ መንገድ እንዳትነሳ፤ ሰው እየሞተ ነው።»

ዘሃራ አንገቷን ደፋች። «ሐጃ፣ ኒዕማ የምትባል እህት የለችኝም።»

ሉጥፊያ ሳህኑን አልጋው ላይ አስቀመጠች። «ዋሸሽኝ።»

«ዋሸሁ። ቤቱን ፈልጌው ነው።»

«እኔም ጎረቤት በጠየቀኝ ቁጥር ልጆቼ ዘንድሮ ከሪያድ ይመጣሉ እላለሁ» አለች አሮጊቷ። «እንዲህ ስል አምስት ዓመቴ ነው። ዛሬ እንኳ ስልኩ አልሠራ ብሎኝ ድምፃቸውን አልሰማሁም።» ከዚያ ሳህኑን ወደ ዘሃራ ገፋችው። «ብዪ። ሰው ቢጠይቅ ከእኔ ጋር ናት እላለሁ።»

ኢንተርኔቱ የተመለሰው ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ነው። የአሚና መልእክቶች ተከታትለው ገቡ። የመጀመሪያው ሳምንት የየቀኑ አለ፤ ቀጥሎ በሁለት ቀን፣ በሦስት ቀን፤ የመጨረሻው ሳምንት ባዶ ነው። በዚያው ቀን ማዳም ደወለች።

«ቪዛ አወጣልሻለሁ፣ ነይ። አሚና ሌላ ሰው እንቢ ብላለች።»

«የት ነው የምተኛው?»

«እንደ ድሮው ነዋ፤ ከማድ ቤቱ አጠገብ ክፍል አለች።»

ዘሃራ አሚናን አሰበች። «ቤት ተከራይቻለሁ፣ ማዳም።»

«ለብቻሽ ቤት ምን ያደርግልሻል?»

ዘሃራ አልሄደችም። ስልኩ ሲዘጋ ማድ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ ብላ የልጅቷን ድምፅ ከመጀመሪያው አንስታ አንድ በአንድ ሰማችው።

በዚያው ሳምንት ጀሪፍ ሰፈር አንድ ክሊኒክ ውስጥ የጽዳት ሥራ አገኘች። ዓርብ ዓርብ ታች ወርዳ ከሐጃ ጋር ምሳ ትበላለች። ሌላውን ስድስት ቀን ብቻዋን ናት።