የዶክተሩ ጠበል

ውሃው አናቱ ላይ ሲወርድበት ትንፋሹ ተቆረጠ። አጥማቂው ቄስ ትከሻውን በመቋሚያቸው ጎሸም እያደረጉ፣ «ማን ነህ? ተናገር» አሉ። የሚጠይቁት እሱን ሳይሆን አድሮበታል ያሉትን መንፈስ ነው። ዶክተር ህሩይ አልመለሰም። ጥርሱ ይንገጫገጫል። ከጎኑ ያለው ሰው ይጮሃል፤ እሱ ለመጮህም አቅም አጣ።

ከጎንደር ተነስቶ ከአዲ አርቃይ በታች ያለው ጠበል ድረስ የወረደው የሚያውቀው ሰው እንዳያገኝ ብሎ ነው። የአእምሮ ሐኪም ነው። ክረምቱን እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ጠዋት ጫማውን ያጠልቅና አልጋው ጠርዝ ላይ እንደተቀመጠ መነሳት ያቅተዋል። የበሽተኞቹን ፊት ማየት ከተወ ቆይቷል፤ አቀርቅሮ ይሰማል፣ አቀርቅሮ መድኃኒት ያዛል። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ የበሽታውን ስም ወዲያው በነገረው። ለራሱ ግን «ድካም ነው» እያለ ከረመ።

ለባልደረቦቹ መንገር አይታሰብም። አምና አንዲት ነርስ ጭንቀት በርትቶባት ፈቃድ ስትወስድ፣ «በቃ፣ ወደ በሽተኛው ወንበር ተዛወረች በሉኛ» ብሎ ሻይ ክበቡን ያሳቀው እሱ ራሱ ነው። ልጅቷ ስትመለስ የመድኃኒት ቁምሳጥኑን ቁልፍ የሚሰጣት ጠፋ። ህሩይም አልሰጣትም።

ከጠበሉ ወጥቶ ነጠላውን ተከናንቦ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ምነው፣ ዶክተር አይደሉም?»

የአምባ ጊዮርጊሱ ገበሬ አያ ካሣዬ ናቸው። የስለት ጃንጥላ ይዘዋል። ከኋላቸው ልጃቸው አወቀ ቆሟል። አወቀ መጀመሪያ ህሩይ ዘንድ የመጣው በሰንሰለት ታስሮ ነበር። ጠበሉንም ሳይተው ክኒኑን እንዲውጥ አባትየውን ለማሳመን ህሩይ ብዙ ደክሟል። ልጁ ድኖ አረሰ፣ ሚስት አገባ። ዛሬ ስለት ሊያስገቡ ወርደዋል።

«ለበረከት ነው የመጣሁ፣ አያ ካሣዬ» አለ ህሩይ።

ሽማግሌው የገረጣ ፊቱን አዩ። «ለበረከት የመጣን ሰው ማን ነህ አይሉትም።»

አወቀ ሳቅ አለ። «ዝም አይበሉ ዶክተር። ዝም ካሏቸው መቋሚያው አያባራም። እኔ ሲመረኝ ዛር ነኝ አልኋቸው፤ ተዉኝ።»

«አንተ ዝም በል» አሉት አባቱ። ወደ ህሩይ ዞሩ። «እንግዲህ ክኒን የሚያዙት እርስዎ ራስዎ እዚህ ከወረዱ፣ እኛ የምንውጠው ምን ሊረባን ነው? ለካ ያዳነው ጠበሉ ኖሯል። ሸጋ ነገር አሳዩን።»

ህሩይ ብድግ አለ። «የለም። ልጁ መድኃኒቱን ካቆመ ይመለስበታል።»

«እርስዎስ ይውጣሉ?»

«አልውጥም።»

«ምነው?»

መልሱን ያውቀዋል። ታምሜአለሁ፤ መዋጥ ነበረብኝ፤ ያልዋጥሁት ሰው እንዳያውቅብኝ አፍሬ ነው። ይህን ቢል ልጁ ይተርፋል። ሊናገር ቀና አለ። በዙሪያው ልብሳቸውን የሚጨምቁት ሰዎች «ዶክተር» ሲባል ሰምተው ጆሯቸውን አቁመዋል። አንደኛው የጎንደር ሰው ይመስላል።

«እኔ በሽተኛ አይደለሁም» አለ።

«እንዲያ ከሆነ ልጄም አይደለም» አሉ አያ ካሣዬ። ቁጣ የለባቸውም።

አወቀ ከኮቱ ኪስ ክኒኑን አወጣ። መጀመሪያ አባቱን፣ ቀጥሎ ሐኪሙን አየ። ህሩይ አቀረቀረ። ልጁ ክኒኑን ከጠበሉ በታች በሚፈሰው ወንዝ ውስጥ ጣለው።

በጥር አወቀን በሰንሰለት አስረው ጎንደር አመጡት። ዶክተር ህሩይ «ድካም ነው» ብሎ ሥራ ለቆ ስለነበር ሌላ ሐኪም አየው።