ናይሮቢ የቀረው ኩላሊቴ

በ2015 ዓ.ም. የስድሳ ስምንት ዓመት ሰው ነበርኩ። ከዲላ ተነስቼ ናይሮቢ የሄድኩት ለሽንቴ ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያቃጥለኝ የዞርኩበት መድኃኒት ቤት ሁሉ ክኒን ሰጥቶኛል። ይሻለኛል፣ ይመለሳል። ናይሮቢ የምትኖረው ልጄ አልማዝ «እዚህ ይምጡና ይመርመሩ» ስትለኝ እምቢ አልኩ። ደም ስሸና ተነሳሁ።

ከሞያሌ ወዲያ

ድንበሩን በእግሬ ተሻግሬ የኬንያውን አውቶቡስ ያዝኩ። እስከ ማርሳቢት አስፋልቱ ደህና ነው፤ ግራና ቀኙ ድንጋይና ግመል ብቻ። እኔን ግን በየግማሽ ሰዓቱ ውረድ ውረድ ይለኛል። ረዳቱ የቦረና ልጅ ነው፣ አማርኛ ይችላል።

«አባባ፣ ቁጥቋጦውን ሁሉ እያጠጡ ከሄዱ ናይሮቢ የምንገባው ለገና ነው!»

«አንተንም ያቃጥልህና እንተያያለን» አልኩት። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ኪሊማኒ

አልማዝ የሐበሻ ምግብ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ናት፤ ኪሊማኒ የሚባል ሰፈር ፎቅ ላይ ትኖራለች። በነጋታው ሆስፒታል በማታቱ ወሰደችኝ፤ ሚኒባሳቸው ነው፣ ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ እሷ ታስተረጉማለች።

«ሽንትዎ መግል አለው፣ የተለመደው ጀርም ግን አይበቅልም ይላል። የሳንባ ነቀርሳ ይዞዎት ያውቃል ወይ ይላል።»

ልጄ ፊት! «በፍጹም» አልኩ።

አልማዝ ጫማዋን አየች። ከዚያ ያልኩትን ነገረችው።

ይዞኝ ነበር። ከሃያ ዓመት በፊት፣ እሷ አሥር ዓመቷ ሳለ። ሁለት ወር በየቀኑ ጤና ጣቢያ እየሄድኩ ነርሷ ፊት ክኒን ዋጥኩ። የሰፈር ሰው አፉን ሸፍኖ ሲያልፈኝ አፈርኩ፤ ሳሉም ጠፋ። ቀሪውን ክኒን ለቤት ሲሰጡኝ ተውኩት።

ሐኪሙ በነገርኩት ሄዶ ጠጠር ፈለገ፣ ፕሮስቴት ፈለገ፣ ክኒን ለዋወጠ። ሁለት ወር አለፈ። ግራ ጎኔን ሲወጋኝ ሲቲ ስካን አነሱኝ። ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው ቱቦ ጠቦ፣ ሽንቱ መውጫ አጥቶ ኩላሊቱን አበላሽቶታል። ያኔ ሦስት ብልቃጥ ሰጡኝ። ሦስት ቀን በተከታታይ፣ ከእንቅልፍ ስነሳ የምሸናውን የመጀመሪያውን ሽንት ነው የፈለጉት። አልማዝ በጨርቅ ቦርሳ ይዛ፣ ማታቱ ውስጥ ጭኗ ላይ አስቀምጣ አመላለሰችው።

ተገኘ። የኩላሊት ቲቢ፤ ያው የሳንባዬ ነቀርሳ ወርዶ። ሐኪሙ ስለ ሳንባዬ ደግሞ ጠየቀ፤ ጀምሮ ላቋረጠ ሰው መድኃኒቱ ላይሠራ ይችላል አለ። አልማዝ መልሴን ሳትጠብቅ በእንግሊዝኛ ብዙ አወራች።

«ምን አልሽው?»

«እውነቱን። ልጅ ሳለሁ ክኒኑን ጓሮ ሲቀብሩ አይቻለሁ፣ አባዬ።»

«ታውቂ ከነበረ መጀመሪያውኑ ለምን አልተናገርሽም?»

«አባቴ ይዋሻሉ ልበል?» አለችና አለቀሰች።

ሐኪሙ የመለሰውን እንድትነግረኝ አስገደድኳት። «የመጀመሪያ ቀን ቢነገረኝ ቱቦውን አስፍቼ ኩላሊቱን ምናልባት አተርፈው ነበር ነው የሚለው።» ምናልባት! ይህችን ቃል ይዤ ነው የምኖረው።

ደግነቱ ጀርሙ መድኃኒቱን አልተለማመደም። ክኒኑን በመንግሥት ክሊኒክ በነፃ ሰጡኝ። ሽንቴ ብርቱካን ሲመስል ደነገጥኩ። ነርሷ «ምዜ፣ መድኃኒቱ ነው፣ ደም አይደለም» አለችኝ በአልማዝ በኩል፤ ሽማግሌ ሲያከብሩ ምዜ ይላሉ። በሁለተኛው ወር የሞተውን ኩላሊት አወጡት።

መመለሻ

የቀረውን አራት ወር አገሬ እንድጨርስ ደብዳቤ ጻፉልኝ። አልማዝ አውቶቡስ ድረስ ሸኘችኝ። «ይቅር ይበሉኝ፣ አባዬ» አለች። ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ሳልላት አውቶቡሱ ተነሳ።

ያስተማረኝ ይኸው ነው፦ ሐኪም ፊት ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። ካደረጋችሁም አትዋሹ፤ ውሸታችሁን እሷ ናት የምትናገረው።

ዲላ ማታ ገባሁ። በማግስቱ ጠዋት ጤና ጣቢያ ተሰልፌ ደብዳቤውን ሰጠሁ። ነርሷ ሰው እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ከዚህ በፊት ጀምረው ነበር?» አለችኝ።

«ጀምሬ አቋርጫለሁ። ጻፊው» አልኳት። ጽፋ እስክትጨርስ ከፊቷ አልተነሳሁም።