ከኮርኒሱ በላይ ያለችው ገረድ

ኒቬስ ማዘጋጃ ቤታችን ውስጥ ወለል ስትወለውል በኖረችበት ዘመን ሁሉ የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአዳራሹ ኮርኒስ እንዲነሳ።

ሕንፃው ድሮ የመስፍን ቤት ነበር። ከሮም ርቆ ሰሜን ጣሊያን ፖ ወንዝ ዳር ተቀምጦ ሮማዊ መሆን ያማረው መስፍን በነጭ ዓምድ አስከብቦ ያሠራው ነው። የግብዣው አዳራሽ ጣሪያ ላይ የጥንት አማልክት ማዕድ ዙሪያ ተሥለዋል። ሠዓሊው መልካቸውን የወሰደው ከቤቱ ሰው ነው፤ ዙፋኑ ላይ ያለው ራሱ መስፍኑ ሲሆን፣ ወይን የምትቀዳው ወጣት የኒቬስ ቅድመ አያት፣ የወጥ ቤቱ ገረድ ናት። ሌላ ምስል የላትም።

ማዘጋጃ ቤቱ ሲገባበት ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በክረምት አይሞቅም ብሎ ከሥዕሉ ሥር ኮርኒስ ዘረጋበት። እኔ የማዘጋጃ ቤቱ ጋብቻ መዝጋቢ እዚያው ሥር ስንቱን ሙሽራ አጋብቻለሁ፤ እንግዶቹ ለምርቃት ሙሽሮቹ ላይ የበተኑትን ሩዝ የምትጠርገው ኒቬስ ቀና ስትል የምታየው መብራት ብቻ ነበር። ያናድዳል።

ከንቲባ በተቀየረ ቁጥር ትጠይቃለች።

«በሚቀጥለው በጀት፣ ሲኞራ ኒቬስ። ቃሌ ነው።»

«የቀድሞውም እንዲሁ ነበር ያሉኝ። የሁለታችሁ ቃል ዘመድ ነው እንዴ?»

በዚህ መሀል ዐይኗ ደከመ። ዳር ዳሩን ታያለች፤ ትክ ብላ የምታየው ነገር ግን ይጠፋባታል። ሐኪሙ መመለሻ የለውም አላት። ጡረታም ወጣች።

ኮርኒሱን በመጨረሻ ያነሳው የማንም ቃል ሳይሆን ዝናብ ነው። ውሃ ሲጠጣ ከርሞ ምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ እያለ ጠረጴዛቸው ላይ ተዘረገፈ። ፍርስራሹ እንደተጠረገ ሄጄ ኒቬስን ክንዷን ይዤ አመጣኋት።

አዳራሹ መሀል ቆማ ቀና አለች።

«ደመናው ይታየኛል» አለች። «እሷን ላያት ስል ግን ይጨልማል።»

«እስቲ አንገትሽን ዘንበል አድርጊው።»

«ሞከርኩ እኮ፣ ሪናልዶ። ይልቅ አንተ ንገረኝ፤ ምን ትመስላለች? ቆንጆ ናት ብለህ ደግሞ እንዳትሸነግለኝ።»

ቀና ብዬ ገረዷን አየኋት። አማልክቱ ሁሉ ፈገግ ብለዋል። እሷ ግን የወይን ማንቆርቆሪያውን ታቅፋ፣ ግንባሯን ቋጥራ መስፍኑን በጎን ታየዋለች፤ ከጠዋት ጀምሮ ያቆሟት ትመስላለች።

«ተናዳለች» አልኳት። «ልክ አንቺ ከንቲባ ስታናግሪ እንደምትሆኚው።»

«እንግዲያውስ የኛው ናት» አለችና፣ የማታየውን ፊት አንጋጣ ማየቷን ቀጠለች።